የመምህራንን የግል ማህደር ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ

ስካነሩን ከማብራትዎ በፊት ማህደሩን ፈተው ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ያስይዙ፤ የስቴፕል ሽቦውን ይንቀሉ፤ በየገጹ ጥግ በእርሳስ ቁጥር ይጻፉ። ቁጥር የሌለው ገጽ ቢጎድል ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ)፣ በቀለም፣ ፒዲኤፍ አድርገው ያንሱ። በጥቁርና ነጭ ከተነሳ ማኅተሙና ፊርማው ይደበላለቃሉ።

ፋይሉን በመለያ ቁጥር፣ በሰነድ ዓይነትና በዓመት ይሰይሙ፦ «00412_ዝውውር_2014»። በስም ብቻ መሰየም ጣጣው ብዙ ነው። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ አንዱን መምህር ሁለት ሰው ያደርገዋል።

የማህደሩን ዝርዝር ኤክሴል (የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ላይ ሲመዘግቡ ትልቁ ራስ ምታት ቀን ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን «30/02/1985» ብለው ቢያስገቡ 02ን ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያነብና ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ጥቅምት 12ን ግን ቀን ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ጳጉሜን 5 «05/13» ተብሎ ሲገባማ፣ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አቀማመጥ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ድምፁን አጥፍቶ ሜይ 13 ይሆናል! መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ነው። የጡረታ ጊዜ የሚሰላው ከልደት ዘመን ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። የመለያ ቁጥሩን ዓምድ ደግሞ አስቀድመው «ቴክስት» (ጽሑፍ) ያድርጉት፤ አለዚያ 00412 ወደ 412 ይለወጣል።

በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ። ዋናው ወረቀት አይጣልም።