ኒኪዩ ለመግባት ስንሯሯጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ጠዋት ከናይት፣ ከሌሊት ተራዬ፣ ገብቼ ልተኛ ስል ስልኬ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ ደዋይዋን አላውቃትም፤ ቁጥሬን የሰጠቻትን ልጅ ግን አውቃታለሁ። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «እህቴ፣ አንቺ ኒኪዩ እንዴት ገባሽ?»

ሜሪላንድ ውስጥ የኒኪዩ፣ ማለትም የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ ነርስ ነኝ። በመጀመሪያው ሙከራ አልገባሁም። በሁለተኛውም አልገባሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ ፈተና) እስኪታለፍ መጠበቅ

«መጀመሪያ ፈተናውን ልለፍ፣ ከዚያ ሥራ እፈልጋለሁ» ማለት ጨዋነት ይመስላል። ግን ያስከፍላል። እዚህ አሜሪካ አዲስ ተመራቂን ኒኪዩ የሚያስገባው ዋናው በር ሬዚደንሲ የሚባለው የአዲስ ነርሶች ማሠልጠኛ ፕሮግራም ነው። ሆስፒታሎቹ በዓመት ጥቂት ጊዜ በቡድን ይቀበላሉ። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከምረቃ ወራት ቀድሞ ይከፈታል፤ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ፈቃዱ ሥራው የሚጀመርበት ቀን ላይ እጃችሁ ቢገባ ለብዙዎቹ ይበቃል። የመጨረሻው ሴሚስተር ሳይጀምር የምትፈልጓቸውን ሆስፒታሎች የማመልከቻ ቀን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ፈቃዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ፈቃድ ብዙ ግዛት የሚያሠራው ኮምፓክት አባል ናቸው። ካሊፎርኒያ አይደለችም። ሌላ ግዛት ከማመልከታችሁ በፊት ይኼን አጣሩ።

«ለጊዜው» ብሎ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንት መንከባከቢያ) መቆየት

ይኼኛው ብዙ ሐበሻ በልቷል። ምክንያቱ ይገባኛል። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ነርሲንግ ሆም ደግሞ ቶሎ ይቀጥራል። ችግሩ ሬዚደንሲዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚቀበሉት ከአንድ ዓመት በታች ልምድ ያለውን አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) መሆኑ ነው። ዓመቱ ሲያልፍ አዲስ ተመራቂ መሆናችሁ ይቀራል። ሕፃናት ላይ ልምድ አላችሁ እንዳይባልም የላችሁም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኼ ነው።

ተማሪ ሆናችሁ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) የምትሠሩ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል መዛወር ሞክሩ። ሆስፒታል ውስጥ ቴክ፣ ማለትም የነርሶች ረዳት፣ ሆኖ የሠራ ሰው የውስጥ አመልካች ነው። ማናጀሯ በስም ታውቀዋለች፤ ሰዓት አክባሪ መሆኑን አይታለች። ነርሲንግ ሆም የሠራችሁትን ግን ከሲቪያችሁ ላይ አታውጡ። አዛውንት አጥቦ፣ ገልብጦ፣ ከተቆጣ ቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ ያደረ ሰው ሥራ አይፈራም።

«ሕፃን በጣም እወዳለሁ»

የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ «ለምን ኒኪዩ?» ስባል የመለስኩት ይኼን ነበር። ማናጀሯ ፈገግ አለች፤ ወረቀቷ ላይ ምንም አልጻፈችም። ሕፃን የማይወድ ማን አለ?

ኒኪዩ ውስጥ ያለው ልጅ አቅፈው እሹሩሩ የሚሉት አይደለም። በ25 ሳምንቱ የተወለደ ሕፃን መነካቱ ራሱ ያደክመዋል። ዳይፐር ሲቀየርለት ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ፍቅሩ የሚገለጸው እጅን በመሰብሰብ ነው። ሥራዎችን ሁሉ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መሥራት፣ መብራቱን መቀነስ፣ የኢንኩቤተሩን በር ቀስ ብሎ መዝጋት፣ ከዚያ መተው።

የቀረው ቁጥር ነው። መድኃኒቱ በክብደት ይሰላል፤ ክብደቱ በግራም ይለካል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን መላ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 85 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። ለምርመራ 2 ሚሊ ሊትር ስትቀዱ ከዚያች ሲኒ ላይ ነው የምትቀዱት።

ስለዚህ «ለምን ኒኪዩ?» ስትባሉ ጥቃቅን ነገር እንደማያመልጣችሁ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ንገሯቸው። ተማሪ ሳላችሁ ከሌላው ቀድማችሁ ያያችሁት ለውጥ፣ ደግማችሁ ያሰላችሁት ዶዝ፣ «ይቅርታ፣ ይኼ ትክክል ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁበት ቀን። የሚፈልጉት ይኼን ነው።

«ተሳስቼ አላውቅም»

ሁለተኛውን ኢንተርቪው የጣልኩት በዚህ ነው። «የተሳሳትሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ወጥመድ መሰለኝ። «እስካሁን አልገጠመኝም» አልኩ። አንድ ሰው እንኳን አላመነኝም።

ለምን እንደሚጠይቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ኒኪዩ፣ በሚሊ ሊትር 10 ዩኒት ያለው ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) በሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ 10,000 ዩኒት ያለው ተቀመጠ። ብልቃጦቹ ይመሳሰሉ ነበር። ነርሶቹ ሳያስተውሉ ሰጡ። ስድስት ሕፃናት አንድ ሺህ እጥፍ ደረሳቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። ኒኪዩ ያለ ሰው ይኼን ታሪክ ሲሰማ እጁን ያያል። ስህተቱን ወዲያው የሚናገር ሰው የሚፈለገው ለዚህ ነው። ትንሽ ብትሆንም የእናንተን እውነተኛ ስህተት ተናገሩ። ለማን እንዳሳወቃችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደቀየራችሁ ጨምሩ።

«እኛ»፣ «እኛ» ማለት

ያደግነው ራስን ማወደስ ነውር ነው እየተባልን ነው። ስለዚህ «እኔ አደረግሁ» ማለት አፋችን ላይ ይከብዳል። «እኛ አየነው፣ እኛ ለሐኪሙ ነገርነው» እንላለን። ጠያቂዋ ግን የቀረበውን ታሪክ ነው የምትመዝነው፤ እናንተ ምን እንደሠራችሁ ካልሰማች የምትጽፈው የላትም። እስክትለምዱት ከጓደኛ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። እኔ መኪና ውስጥ ብቻዬን ነበር የምለማመደው። መብራት ላይ ሰው ያየኝ ነበር።

አገር ቤት የሠሩትን መደበቅ

ኢትዮጵያ ነርስ የነበራችሁ፣ ወረቀታችሁን አስገምግማችሁ እዚህ የተፈተናችሁ፣ ስለዚያ ስትጠየቁ አታፍሩ። አንዲት ጎበዝ ልጅ «ያ ምን ዋጋ አለው፣ ቬንቲሌተር፣ የመተንፈሻ ማሽን፣ እንኳን አልነበረንም» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ካንጋሩ እንክብካቤ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ለወራት ሠርታለች!

ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ የማቀፍ ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ነው፤ ኢንኩቤተር አልበቃ ብሎ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዚሁ ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ዛሬ የአሜሪካ ኒኪዩዎች አዲስ ነርሶችን የሚያሠለጥኑበት ነገር ነው። እናቲቱን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ሕክምናው አካል የማየት ልምድ ካላችሁ ተናገሩት። ብቻ አጋንናችሁ አይደለም፤ ያልነካችሁትን ማሽን ነካሁ እንዳትሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይታወቃል።

ሰርተፊኬት መሰብሰብ

ኤንአርፒ፣ ማለትም አራስን የማነቃቃት ሥልጠና፣ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሆስፒታሎች ራሳቸው ያሠለጥናሉ፤ ካርዱም የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። አርኤንሲ ኒክ የሚባለውን የኒኪዩ ነርሶች የሙያ ሰርተፊኬት ለጊዜው እርሱት፤ ሁለት ዓመትና 2,000 ሰዓት የሙያ ልምድ ይጠይቃል። ገንዘባችሁን ያዙ።

አንድ በር ብቻ ማንኳኳት

ሁሉም ደረጃ አራት ኒኪዩ ይላል፤ ቀዶ ሕክምና ያለበት፣ ትልቁ። ደረጃ ሁለት የሚባለው ከ32 ሳምንት እርግዝና በላይና ከ1,500 ግራም በላይ የሆኑትን ነው የሚይዘው። እዚያ መመገብ ትማራላችሁ፣ ወላጅ ማስተማር ትማራላችሁ። ፉክክሩም ይቀንሳል። እናትና ልጅ ክፍልም መግቢያ ነው። የትም ብትገቡ ውሉን አንብቡ፤ ሬዚደንሲ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ግድም እንድትቆዩ ያስፈርማል፣ ቀድሞ የወጣ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል።

ናይት አልሠራም ማለት

ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ናይት ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት። ገናና ፋሲካችን ደግሞ የሆስፒታሉ ካላንደር ላይ የሉም። ልጅ ያላችሁ ማን እንደሚያድርላችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ጨርሱ። ወፍራም ጥቁር መጋረጃም ግዙ። ስልካችሁንም ድምፁን አጥፉት፤ እኔ እስካሁን ይኼን አልተማርኩም።