አሮጌ ሃርፕ ጊታር ለምትገዙ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት የዳየር የሙዚቃ መደብር በስሙ ሃርፕ ጊታር (ከተለመዱት ክሮች ጎን ተጨማሪ የባስ ክሮች ያሉት ጊታር) ይሸጥባት በነበረችው ከተማ። አብዛኞቹን የሠሩት ግን የቺካጎዎቹ ላርሰን ወንድማማቾች ናቸው።

ልትገዙ ስትሄዱ ድምፁን ቶሎ አትስሙ፤ ያማልላል። የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ያዙ። በድምፅ ቀዳዳው በኩል ከፊት ጣውላው ሥር ያሉትን ደጋፊ እንጨቶች አንድ በአንድ እዩ። ጣውላውን በጣት ቆርቆር ስታደርጉት ከተንኮሻኮሸ ሙጫው ለቋል። በደንብ የተጠገነ ስንጥቅ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አንገቱ ነው፤ ወደ ፊት ካዘመመ ክሮቹ ከፍ ይሉና ጣት ያቆስላሉ፣ ማቃናቱም ውድ ነው። የመጀመሪያዬን ስገዛ ይህን ሳላይ ቀርቼ ኪሴ ተራቁቷል።

ዳየር ከ6ቱ ክሮች ሌላ 5 የባስ ክር አለው። የጊብሰን ኩባንያ «ስታይል ዩ» የተባለው ሃርፕ ጊታር ደግሞ 10 የባስ ክር ይጨምራል፣ ልክ እንደ በገና! እናቴ በቪዲዮ አይታው «በገና ከጊታር ወለደች እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች።

ቀጭን ክር ግጠሙለት፤ ወፍራም ክር አሮጌ ጣውላ ይነቅላል። እዚህ በክረምት ማሞቂያው እንጨት ስለሚያደርቅ የክፍሉን እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ አደርገዋለሁ። ሳጥኑንም አብራችሁ ጠይቁ፤ የተራ ጊታር ሳጥን አይገጥመውም።