ለልጆች የማይክሮስኮፕ ስላይድ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

ማይክሮስኮፕ የተገዛለት ልጅ በመጀመሪያው ቀን እጁ የደረሰበትን ሁሉ፣ ጠጠርም ሆነ ሙሉ ቅጠል፣ ከሌንሱ ሥር ያስቀምጣል፤ ከጥቁር ጥላ በቀር የሚያየው ነገር ሲያጣ ግን ተስፋ ይቆርጥና መሣሪያው በጥቂት ቀናት ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ጥፋቱ የልጁም የመሣሪያውም አይደለም። ተራው ማይክሮስኮፕ የሚሠራው ከሥር የሚመጣው ብርሃን በናሙናው ውስጥ አልፎ ዓይን ሲደርስ ስለሆነ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ነገር የቱንም ያህል ቢጎላ ጥላ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ልጁ ከማጉላት በፊት ሊማረው የሚገባው ጥበብ ናሙናን ስስ፣ ጠፍጣፋና ንጹሕ አድርጎ ስላይድ በሚባለው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ማስቀመጥ ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ 40፣ 100 እና 400 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ለዚህ ጽሑፍ ሥራዎች ሁሉ ይበቃል። ጠቅላላው የማጉላት መጠን የሚገኘው በዓይን በኩል ያለው ሌንስ ቁጥር በታችኛው ሌንስ ቁጥር ሲባዛ ነው፤ ለምሳሌ 10 ጊዜ የሚያጎላ የዓይን ሌንስ ከ4 ጋር 40፣ ከ40 ጋር ደግሞ 400 ይሰጣል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ገዢን ሊያታልል አይገባም፤ ሌንሱ ጥራት ከሌለው ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይታይበትም። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት ስላይዶች፣ ስስ መሸፈኛ መስታወቶች፣ ወረንጦ፣ መርፌ፣ ውኃ በጠብታ የሚጥል ብልቃጥ፣ ሶፍትና ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ አዮዲን ናቸው። ስላይድ በተለምዶ 75 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሚሊ ሜትር ወርድና 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። መሸፈኛው ግን 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ ለትንንሽ ልጆች ከፕላስቲክ የተሠራውን መምረጥ ይሻላል። ምላጭ የሚነካው አዋቂ ብቻ ይሁን። ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚቀበለው በመስታወት ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ፈጽሞ ወደ ፀሐይ መዞር የለበትም፤ በሌንሱ ተሰብስቦ የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

በመጀመሪያ ማየትን መለማመድ

ከማንኛውም ናሙና በፊት ልጁ በስስ ወረቀት ላይ የታተመ አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ለ»ን፣ ስላይድ ላይ አስቀምጦ በዝቅተኛው ሌንስ ይመልከት። መጀመሪያ ከጎን እያየ ሌንሱን ወደ ስላይዱ ያቀርበዋል፤ ከዚያም በዓይን ሌንሱ እያየ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ቀስ አድርጎ ያርቀዋል። ይህን ቅደም ተከተል ማስለመድ ተገቢ ነው፤ በተቃራኒው እያዩ ማቅረብ መሸፈኛውን ይሰብራል፣ ሌንሱንም ይጭራል። ፊደሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ስላይዱ ወደ ቀኝ ሲገፋ ምስሉ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ላይ ሲገፋም ወደ ታች ይወርዳል። እጅ ይህን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሆኖም በኋላ የሚዋኝ ፍጥረት መከተል ሲያስፈልግ ትርፉ ይታያል።

በዚያው ቀን ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ከሌንሱ ሥር አድርጎ የሚታየውን ክብ ስፋት መለካት ይቻላል። በ40 እጥፍ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ400 እጥፍ ክቡ በ10 እጥፍ ስለሚጠብ፣ በ40 እጥፍ 4.5 ሚሊ ሜትር የነበረው 0.45 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህን ቁጥር በደብተሩ የጻፈ ልጅ ወደፊት የሚያየውን ሁሉ መጠን በግምት ሊያወጣ ይችላል፤ በክቡ ወርድ ላይ 5 ሕዋሳት ተደርድረው ካየ ስፋቱን ለ5 ማካፈል ብቻ ይበቃዋል።

የሽንኩርት ስላይድ

ለመጀመሪያ ስላይድ ከሽንኩርት የሚሻል ናሙና አላውቅም፤ ተፈጥሮ ራሷ ስስ አድርጋ አዘጋጅታዋለችና። ሽንኩርቱ ለአራት ከተሰነጠቀ በኋላ ከውስጥ ካሉት ወፍራም ንጣፎች አንዱ ይወሰድና እስኪሰበር ድረስ ይታጠፋል። በጎድጓዳው በኩል ካለው ስብራት ላይ እንደ ላስቲክ ያለ በጣም ስስ ግልጽ ቆዳ ብቅ ይላል። ይህን በወረንጦ ይዞ በዝግታ መላጥና 5 ሚሊ ሜትር ያህል በ5 ሚሊ ሜትር አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ቆዳው በአየር ላይ ሲቆይ ስለሚደርቅና ስለሚጠቀለል፣ የውኃው ጠብታ አስቀድሞ ስላይዱ ላይ ይጠብቀው።

ቆዳው በጠብታው ላይ ተዘርግቶ እጥፋቱ በመርፌ ጫፍ ከተቃና በኋላ መሸፈኛው ይደረጋል፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። መሸፈኛው ከላይ ተጥሎ ከተተወ ሥሩ አየር ይይዛል። ይልቁንም አንዱ ጠርዙ ውኃውን እንዲነካ በስተጎን ዘንበል አድርጎ ማቆም፣ ሌላውን ጠርዝ በመርፌ ደግፎ በዝግታ ማውረድ ይገባል፤ ውኃው አየሩን ከፊቱ እየገፋ ይወጣል። እንዲህም ሆኖ ጥቂት አረፋ ይቀራል። ዙሪያው ወፍራም ጥቁር መስመር ሆኖ መሐሉ ባዶና ብሩህ የሆነ ፍጹም ክብ ከታየ እርሱ የአየር አረፋ ነው። ልጁ በደስታ «ሕዋስ አገኘሁ!» ብሎ ሲጮህ ወዲያው «አይደለም» ከማለት ይልቅ፣ መሸፈኛውን በመርፌ ነካ አድርጎ ክቡ ሲንሸራተት እንዲያይ ማድረግ የተሻለ ትምህርት ነው።

በ40 እጥፍ ሲታይ ቆዳው እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ረዣዥም ክፍሎች ያሉት ሆኖ ይገኛል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1665 የቡሽ ስስ ቁራጭ ሲመረምር ያያቸውን ክፍት ቀዳዳዎች በትንንሽ ክፍሎች መስሎ ነበር ዛሬ ለሕዋስ በእንግሊዝኛ የሚውለውን «ሴል» የሚለውን ስም የሰጣቸው፤ እርሱ ያየው ግን የሞተ ተክል ባዶ ግድግዳዎችን ሲሆን፣ ልጁ አሁን የሚያያቸው በይዘት የተሞሉ ናቸው። ይዘቱ ቀለም ስለሌለው እንዲጎላ አዮዲን ያስፈልጋል። አንድ ጠብታ አዮዲን በጥቂት ጠብታ ውኃ ተበርዞ በመሸፈኛው አንድ ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል፤ በተቃራኒው ጠርዝ ሶፍት ሲጠጋ ውኃውን እየመጠጠ ቀለሙን በመሸፈኛው ሥር ይስበዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ቢጫማ ቡናማ ነጥብ ይታያል፤ ይህም ኒውክለሱ፣ ማለትም የሕዋሱን ሥራ የሚመራው ክፍል ነው። ወደ ከፍተኛው ሌንስ የሚታለፈው ናሙናው በዝቅተኛው ከጠራና መሐል ላይ ከዋለ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ትንሿን የማጥሪያ መዞሪያ እንጂ ትልቋን መንካት አያስፈልግም።

ከሽንኩርቱ ሕዋሳት ውስጥ አረንጓዴ ነገር አይገኝም። ይህን ልጁ ራሱ ቢጠይቅ እንዴት ደስ ይላል! የምንበላው የሽንኩርት ክፍል ያደገው ብርሃን በማይደርስበት አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁት አረንጓዴ አካላት የሉትም።

የድንች ስላይድ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። የተቆረጠው ገጽ በማንኪያ ጠርዝ ተፍቆ የወጣው ደመናማ ፈሳሽ በአንድ ጠብታ ውኃ ውስጥ ይነካል፣ ይሸፈናልም። እንቁላል መሰል የስታርች (ድንቹ ያከማቸው ምግብ) ፍሬዎች በብዛት ይታያሉ፤ ብርሃኑ ዝቅ ሲደረግ በአንዳንዶቹ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ያሉ ንብብር መስመሮች ይለያሉ። አዮዲን ሲነካቸው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣሉ። አዮዲኑ በጣም መሳሳት አለበት፤ ካልሆነ ፍሬዎቹ ፈጽመው ይጠቁሩና መስመሮቹ ይጠፋሉ።

በጠብታ ውስጥ ያለው ሕይወት

ከሁሉ ይልቅ ልጅን የሚማርከው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ማሰሮ ውስጥ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ተጨምሮ፣ አንድ ማንኪያ የኩሬ ውኃ ከታከለበት በኋላ አፉ ሳይታሸግ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ከ4 እስከ 7 ቀን ይቀመጣል። በመጀመሪያ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ውኃውም ይደፈርሳል፤ ቀጥሎ እነርሱን የሚመገቡ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይበዛሉ። ሽታው መጥፎ ነው፤ ያ የሥራው አካል ነው። ጠብታው የሚወሰደው ከላይ ከተንሳፈፈው ስስ ሽፋን አጠገብ ወይም ከማሰሮው ግርጌ ነው፤ በመሐል ያለው ውኃ ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል።

በዚህ ጠብታ ውስጥ የጫማ ሶል የመሰለውን ፓራሚሲየም ማግኘት ይቻላል፤ አንዳንዱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ በ40 እጥፍም ሲሮጥ ይታያል። ፍጥነቱ ለዓይን የሚያስቸግር ከሆነ፣ ከመሸፈኛው በፊት ጥቂት የጥጥ ክሮችን በትነው ጠብታው ውስጥ ይጨምሩ፤ ፍጥረቱ በክሮቹ መካከል እየተጋጨ ይዘገያል። አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ራሱ በሠራው ባለ አንድ ሌንስ መሣሪያ የሐይቅ ውኃ መርምሮ ትንንሽ ሕያዋን ማየቱን የጻፈው በ1674 ነበር፤ ልጁ ያንኑ ነገር እያየ መሆኑን መንገር ተገቢ ይመስለኛል። ውኃው እየተነነ ሲሄድ መሸፈኛው ናሙናውን ስለሚጨፈልቅ በየጊዜው በጠርዙ አንድ ጠብታ መጨመር ወይም ጠርዞቹን አስቀድሞ በቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ሥራው ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ስላይድ ከተፈለገ የቅጠል አሻራ ይሠራል። ግልጽ የጥፍር ቀለም በቅጠሉ ጀርባ ላይ በስሱ ይቀባና ፈጽሞ ይደርቅ ዘንድ 15 ደቂቃ ያህል ይተዋል፤ ከዚያ ግልጽ ስኮች ተለጥፎበት ሲላጥ ቀለሙ የቅጠሉን ገጽ ቅርጽ ይዞ ይነሣል። ስኮቹ ስላይድ ላይ ሲለጠፍ በሁለት ባቄላ መሰል ሕዋሳት የተከበቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስቶማታ፣ ይታያሉ። አየር የሚገባውና እንፋሎት የሚወጣው በእነርሱ ነው። ከቅጠሉ ፊትና ጀርባ አንዳንድ አሻራ ተወስዶ በ400 እጥፍ በአንድ ክብ ውስጥ ያሉት ቢቆጠሩ፣ በብዙ ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ጀርባው ይበልጣል። ቅጠሉ ጸጉራም ከሆነ አሻራው ስለማይነሣ ለስላሳ ቅጠል መምረጥ ያስፈልጋል።

የታየው ነገር ሁሉ በዚያው ሰዓት በእርሳስ ይሳል። በደብተሩ ላይ ክብ ይሰመር፣ የናሙናው ስም፣ ቀኑና የማጉላት መጠኑ ከጎኑ ይጻፍ። ፎቶ ማንሳት አይከለከልም፤ ሆኖም የሚስል ልጅ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ፣ ኒውክለሱ መሐል ላይ ይሁን ከጥግ ለማወቅ ደጋግሞ ማየት ይገደዳል። ሥዕሉ ላይ ያላየውን ከመጽሐፍ ወስዶ እንዲጨምር አይገፋፋ። በመጨረሻም ዝቅተኛው ሌንስ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ሌንሶቹ ለመነጽር በሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ተጠርገው፣ ማይክሮስኮፑ ይሸፈን።