ከሜኑ ዳያሎግ ስትከፍቱ፦ ኤክዜክ ወይስ ሾው?

ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ቀን ስለሆነ እህል ነጋዴው ፋታ የለውም። እንግዲህ ለዚህ ሰው በፓይኪውት 6 (በፓይተን ባለመስኮት ፕሮግራም መሥሪያ) የሽያጭ መመዝገቢያ ልትሠሩለት ነው እንበል። ሜኑው ላይ «አዲስ እህል መዝግብ…» እና «የዋጋ ዝርዝር» አሉ። ሁለቱም ዳያሎግ፣ ማለትም ከዋናው ሌላ ትንሽ መስኮት፣ ይከፍታሉ፤ አከፋፈታቸው ግን ይለያያል፦ አንዱ ኤክዜክ፣ ሌላው ሾው በሚባል የዳያሎግ መክፈቻ ትእዛዝ።

ማገናኘቱ ቀላል ነው። ኪውአክሽን (የሜኑውን አንድ ምርጫ የሚወክል ነገር) ፈጥራችሁ ሜኑው ላይ ትጨምሩና ምርጫው ሲነካ የሚላከውን፣ ትሪገርድ የሚባለውን ሲግናል በኮኔክት ከፈንክሽናችሁ ጋር ታያይዛላችሁ። ስሙን ብቻ ስጡት፣ ቅንፍ አታስከትሉ! ቅንፍ ካለ ፈንክሽኑ እዚያው ይጠራል፤ ሰውየው ሜኑውን ሳይነካ መስኮት ይደቀንበታል፣ ሲዘጋው ደግሞ ለኮኔክት የደረሰው ባዶ ነገር ስለሆነ ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል። ሌላም አለ፦ ትሪገርድ እውነት ወይም ሐሰት የሚል ዋጋ ይዞ ይመጣል። ፈንክሽናችሁ እንደ አማራጭ የእህል ስም የሚቀበል ከሆነ በ«ማሽላ» ቦታ ሐሰት ይገባላችኋል። ፈንክሽኑን በላምዳ፣ ማለትም ስም በሌለው አጭር ፈንክሽን ውስጥ፣ ጥሩት፣ ይገላግላችኋል።

ለምዝገባው ኤክዜክ ተጠቀሙ። ዳያሎጉ እስኪዘጋ ዋናው መስኮት አይነካም፣ የኮዱም ቀጣይ መስመር ይጠብቃል። «እሺ» የሚለውን በተን ከአክሰፕት፣ «ተወው» የሚለውን ከሪጀክት ጋር አያይዙ፤ ዳታቤዝ ላይ የምትጽፉት የተመለሰው አክሰፕትድ ከሆነ ብቻ ነው።

የዋጋ ዝርዝሩን ግን በኤክዜክ እንዳትከፍቱት። ነጋዴው ዋጋ እያየ ሽያጭ መመዝገብ አለበት፣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ መስኮት እየዘጋና እየከፈተ ማስቸገር ግፍ ነው። እዚህ ጋ ሾው ነው የሚያስፈልገው። ሾው ሳይጠብቅ ወዲያው ስለሚያልፍ፣ ዳያሎጉን ያለ ፓረንት (ያለ ባለቤት መስኮት) በፈንክሽኑ ውስጥ ብቻ በሚኖር ቫሪያብል ከያዛችሁት ፈንክሽኑ ሲያልቅ ፓይተን ያጠፋዋል፤ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ድርግም። ፓረንት ሰጥታችሁ በየክሊኩ አዲስ ከፈጠራችሁ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ዋናውን መስኮት ፓረንት አድርጋችሁ አንዴ ብቻ ፍጠሩት፣ ፈንክሽኑ ሲያልቅ እንዳይጠፋ ሴልፍ ላይ፣ ማለትም በራሱ በዋናው መስኮት ኦብጀክት ላይ፣ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ክሊክ ያንኑ በሾው አውጡት፣ በሬይዝና በአክቲቬት ዊንዶው ወደ ፊት አምጡት።

የሱቁ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ከሆነ ፓይኪውት 6 የቆመበት ኪውት 6 አይሠራበትም፣ በፓይኪውት 5 ሥሩት። ያኔ ኪውአክሽንን የምታመጡት ኪውትዊጄትስ ከሚባለው ሞጁል ነው፤ በ6 ግን ወደ ኪውትጂዩአይ ተዛውሯል።

በሜኑው ስም መጨረሻ ያለችውን ሦስት ነጥብ (…) «አዲስ እህል መዝግብ» ላይ ብቻ ተዉ። ገና የሚሞላ ነገር እንዳለ የምትናገረው እሷ ናት፣ የዋጋ ዝርዝሩ አያስፈልገውም።