ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጾታዊ ጥቃትን ከዶርም ጀምሮ እንዴት መከላከል ይቻላል?

ስልኳ በየአስር ደቂቃው ይጮኻል። "የት ነሽ?" "ከማን ጋር ነሽ?" "ዶርም ከሆንሽ ፎቶ ላኪ።" አብራን የምታጠና ልጅ ነበረች፤ ለፈተና ሳምንት እንኳ ስልኳን ማጥፋት አትችልም። እኛ ደግሞ "እንዴት ቢወዳት ነው!" እያልን እንቀናባት ነበር። ነገሩ የገባን አንድ ማታ ፊቷ አብጦ ዶርም ስትገባ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ግቢ ለምትገባ ሴት ልጅ ምክሩ ብዙ ነው። በጊዜ ግቢ፣ አለባበስሽን አስተካክይ፣ ሲኒየር አትመኚ። ለወንዶቹ ግን የሚነገራቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጥቃት አድራሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ውስጥ ያደፈጠ እንግዳ ሰው አይደለም። ሀንድአውት ያዋሳት፣ ካፌ አብሯት የተሰለፈ፣ የምታምነው ልጅ ነው። ይህን ቀድሞ ማየት የሚችለው የቅርብ ጓደኛ ነው።

1. ቁጥጥሩን ፍቅር አትበሉት

የስልኳን ፓስወርድ ይጠይቃል። ከጓደኞቿ ይነጥላታል። "ከተውሽኝ ራሴን አጠፋለሁ" ይላል። ገፍትሯት በማግስቱ ስጦታ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ስታዩ "ተይው በቃ!" ብላችሁ አትጩኹባት። ከዚያ በኋላ ለእናንተ መንገሯን ታቆማለች። ብቻዋን ስትሆን "ስልክሽ ሲጮህ ስትደነግጪ አያለሁ፤ ደህና ነሽ?" በሏት። ዛሬ ባትመልስላችሁም ሌላ ቀን ወደ ማን እንደምትመጣ ታውቃለች።

2. በደህናው ቀን ተነጋገሩ

ሴቶች፣ ከዶርም ልጆች ጋር አንድ ምልክት ተስማሙ። "የሎከሬ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው?" የሚል መልእክት ከመጣ "ቶሎ ደውይልኝ፣ ካለሁበት አውጪኝ" ማለት ይሁን። አጠገቧ ያለው ሰው ቢያነበውም ምንም አይጠረጥርም።

ወንዶች፣ የእናንተ ዶርም ወሬ ነው ዋናው። "ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው" የሚል ልጅ በየዶርሙ አይጠፋም። ሲባል ዝም ካላችሁ ያመናችሁበት ይመስለዋል። እምቢ ማለት እምቢ ነው። ዝምታም እሺታ አይደለም። እራት መጋበዝ፣ ቢራ መክፈል፣ ክፍል ድረስ አብራው መግባቷ፣ ትናንት እሺ ማለቷ፣ አንዱም ለዛሬ ፈቃድ አይሆንም። የሰከረች ልጅ ደግሞ እሺ ልትል አትችልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት በኃይል፣ በከባድ ዛቻ ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ፍቅረኛዋ ነኝ ማለት አያድንም።

3. ስታዩ ግቡበት

የፍሬሽማን ዌልካም ፓርቲ ነው እንበል። ጓደኛችሁ ለአንዲት ልጅ ደጋግሞ ይቀዳል። ልጅቷ መቆም አቅቷታል። እሱ "እኔ አደርሳታለሁ" እያለ ባጃጅ ይጠራል። ያቺ ደቂቃ የእናንተ ናት። ድብድብ አያስፈልግም። አንዱ እሱን ይያዘው፤ "ስማ፣ ፕሮክተሩ ዶርማችንን እየፈተሸ ነው፣ ና ቶሎ" ይበለው። አንዷ ልጅቷ ጋ ትሂድና "ነይ እስኪ ሽንት ቤት አብረሽኝ" ብላ ትውሰዳት። ከዚያ የዶርሟን ልጆች ፈልጋችሁ በእጃቸው አስረክቧት። ነገሩ ወደ ኃይል ካመራ የግቢ ጥበቃዎችን ጥሩ። በማግስቱ ጓደኛችሁን ብቻውን አግኙትና ያያችሁትን ፊት ለፊት ንገሩት። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ከእናንተ የተሻለ የሚሰማው ሰው የለም።

4. መምህር ከሆነ

"ቢሮ ብቻሽን ነይ፣ ስለ ግሬድሽ እናወራለን" ካለ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ መልእክቱን አታጥፉት። የዚያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በሥልጣኑ ተጠቅሞ ሴትን ለወሲብ መጠቀሚያ የሚያደርግ መምህርን ጭምር ይመለከታል። ለግቢው የሥርዓተ ጾታ ቢሮ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ኮፒውን እናንተ ጋ አስቀሩ።

5. ጥቃቱ ከደረሰ

በመጀመሪያ እመኗት። "ለምን ሄድሽ?" የሚለው ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ። ቀጥሎ ሰዓት ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እንዲሁ በቶሎ ነው የሚሠራው። ከቻለች ሐኪም ሳያያት አትታጠብ። ታጥባ ከሆነም ትሂድ፤ ሕክምናው አይቀርባትም። ልብሷን ከቀየረች አታጥቡት፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጉት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ መታሰቢያና ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታሎች ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው። ክፍለ ሀገር ከሆነ በአቅራቢያ ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። መክሰስ አለመክሰሱን እሷ ትወስን፤ እናንተ አትወስኑላት። ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያግዛል።

ስትሄዱ ቅያሪ ልብስና ነጠላ ያዙላት። የለበሰችው ለማስረጃ ሊቀር ይችላል፤ ወደ ዶርም ስትመለስም ሊበርዳት ይችላል።