ጎግል የማያገኘው የጎጃም ድረ ገጽ፦ አነስተኛ የድረ ገጽ ባለቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ስልካቸውን አቀብለውኝ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ገና በቀን ቤቴን ዝግ ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እሠራለሁ» አሉኝ። በጎግል ካርታ ላይ ያለውን የቤቱን መረጃ ስከፍተው ነገሩ ወዲያው ታየኝ። የሥራ ሰዓቱን የሞሉት በእኛ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት» ብለው ነበር። ቅጹ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓትን ብቻ ስለሆነ፣ ምግብ ቤቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት እንደሚዘጋ አድርጎ መዝግቦታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚሠራ ቤት በቅጹ ላይ መሞላት ያለበት ከ7 እስከ 21 ተብሎ ነው። ሰዓቱን አስተካክለን ቡና ጠጣን።

ይህን ያነሣሁት ጎግልን ስለመሳሰሉ የፍለጋ ሞተሮች የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጀ በመሆኑ ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ተቀምጦ በአማርኛ ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው የሚሰናከልባቸው ድንጋዮች ግን ብዙዎቹ ከራሳችን ፊደል፣ ከዘመን አቆጣጠራችንና ከአሠራራችን የሚመነጩ ናቸው። ጎጃሜ አንባቢ ከልምዱ አሟልቶ የሚረዳውን ነገር ማሽኑ አሟልቶ አይረዳም፤ የሚያነበው የተጻፈለትን ብቻ ነው።

አስቀድሞ መታየት ያለበት ስህተት ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ድረ ገጹ ጭራሹን ለፍለጋ ሞተር የተዘጋ መሆኑን አለማወቅ። ብዙዎች ድረ ገጽ በሚሠሩበት ፕሮግራም፣ በዎርድፕረስ፣ የንባብ ማስተካከያ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አንዲት ሣጥን አለች። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምልክት ያደርግባትና አስረክቦ ሲሄድ ይረሳታል፤ ባለቤቱም ዓመት ሙሉ ጽፎ «ለምን ማንም አይመጣም?» እያለ ይተክዛል። ለማረጋገጥ በጎግል መፈለጊያ ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል (site) ጽፎ፣ ኮለን (:) አድርጎ፣ ያለ ክፍተት የድረ ገጹን አድራሻ ማስከተል ይበቃል። አንድም ገጽ ካልመጣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያች ሣጥን ናት። ከዚያ በኋላ በነፃ የሚሰጠውን የጎግል ሰርች ኮንሶል ከፍቶ የራስን ድረ ገጽ ማስመዝገብ ይገባል፤ የትኛው ገጽ እንደተመዘገበ፣ የትኛው እንደቀረና ሰዎች ምን ጽፈው እንደመጡ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ግድ ይለኛል። በአማርኛ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ስድስቱም በአንድ ድምፅ ይነበባሉ፤ «አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ» አራት ናቸው፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ደግሞ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። የከተማችንን ስም ብቻ ብንወስድ «ባሕር»፣ «ባህር» እና «ባኅር» ተብሎ በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ «ዳር» አንዴ ተለይቶ አንዴ ተጣብቆ ስለሚጻፍ ደግሞ ስድስት ይሆናል። ፏፏቴውን የሚፈልግ ሰውም «ጢስ ዓባይ»፣ «ጢስ አባይ»፣ «ጭስ አባይ» ወይም «ጢስ እሳት» ሊል ይችላል። የፍለጋ ሞተሩ አንዳንዶቹን አቀራርቦ ሊያያቸው ይችል ይሆናል፤ ሁልጊዜ ያደርገዋል ብሎ መተማመን ግን ከቶ አይገባም።

ዋሸራንና ጎንጅን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች በምትታወቅ አገር የፊደልን ሥርዓት አፍርሱ ብዬ ልመክር አልደፍርም። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው ሲሆን «ሰአሊ» ለምኚ ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቅ አንባቢ ስህተቱን ሲያይ ለጸሐፊው ያለው ግምት ይወርዳል። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው፤ በርእሱና በንዑስ ርእሶቹ ትክክለኛውን አጻጻፍ እይዛለሁ፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን ሕዝቡ በብዛት የሚጽፈውን መልክ አንድ ጊዜ በተፈጥሯዊ አገባብ አስገባለሁ፤ ለምሳሌ «ብዙዎች ጭስ አባይ የሚሉት ይህ ፏፏቴ» በማለት። ሁሉንም ዓይነት አጻጻፍ ሰብስቦ በገጹ ግርጌ መደርደር ግን ቃል ማጨቅ ነውና ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ቁልፍ ቃላትን በገጹ ስውር ኮድ ውስጥ መዘርዘርም ቢሆን ከንቱ ድካም ነው፤ ጎግል ያንን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ አስታውቋል።

በዚሁ በፊደል ነገር ሁለት ጥቃቅን ጉዳዮች አሉ። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደሎች የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም ብዙ ዘመን በኋላ በመሥሪያ ቤቶች የተጻፉ ሰነዶች ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ አሮጌ ፎንቶች የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ሰነዶች በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይምሰሉ እንጂ በውስጣቸው ያለው የላቲን ምልክት ነው። ተቀድተው ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፉ ዝብርቅርቅ ይሆናሉ፤ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው «።» በሚለው ፋንታ ሁለት ነጥብን ደጋግሞ «፡፡» ይጽፋል፤ ለዓይን አንድ ቢመስልም ለማሽኑ ሁለት የቃል መለያ ምልክት እንጂ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም።

የገጹ አድራሻ በአማርኛ እንዲሆን መተው ብዙዎች የማያስተውሉት ስህተት ነው። ዎርድፕረስ ርእሱን ተከትሎ አድራሻውን ራሱ ያዘጋጃል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ አድራሻው ተቀድቶ ወደ ቴሌግራም ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል የፐርሰንት ምልክት ወዳለባቸው ዘጠኝ የላቲን ምልክቶች ሊዘረዘር ይችላል። የዎርድፕረስ አድራሻ ከ200 ምልክት ስለማያልፍ ለአማርኛ ርእስ የሚበቃው ወደ 22 ፊደል ብቻ ነው። «በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር የ...» እያሉ የሚጀምሩ ርእሶች ሁሉ ገና ወደ ጉዳዩ ሳይደርሱ ይቆረጡና በመጨረሻቸው 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ብቻ የሚለያቸው አድራሻዎች ሆነው ይቀራሉ። መፍትሔው ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አድራሻውን በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር የላቲን ቃላት በእጅ መጻፍ ነው። ከወጣ በኋላ መቀየር ግን የቀድሞውን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ማዘዋወሪያ ካልተደረገለት የተጋሩትን ማስፈንጠሪያዎች (ሊንኮች) ሁሉ ባዶ ያስቀራል።

የዓመተ ምሕረትም ጣጣ ከሰዓቱ አይተናነስም። «የ2017 የጎጃም ጤፍ ዋጋ» ብሎ የጻፈ ሰው ለአገሩ አንባቢ ትክክል ነው፤ ማሽኑና በውጭ ያለው አንባቢ ግን የብዙ ዓመት አሮጌ ወሬ አድርገው ሊያልፉት ይችላሉ። «ዓ.ም.» የሚለውን ምልክት አለመተው፣ በጽሑፉ መነሻም የአውሮፓውያኑን ቀን በአጭሩ አብሮ ማስፈር ይገባል። በተለይም ቀኖችን በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ተጨማሪ ፕሮግራም ያስገባ ባለቤት ለፍለጋ ሞተር የሚተላለፈው ስውር የኅትመት ቀን አብሮ እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ አለበት።

ስለ ምስል ብዙ አልልም። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በርካታ ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ስድስትና ሰባት ሳያሳንሱ መለጠፍ በሞባይል ዳታ የሚያነበውን የቢቸናን ወይም የፍኖተ ሰላምን አንባቢ ማባረር ነው። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዶ ክብደቱን ከ200 ኪሎባይት በታች ማድረግ ለአብዛኛው ገጽ ይበቃል። ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩንና ቀኑን በፖስተር ላይ አሳምሮ ጽፎ ምስሉን ብቻ መለጠፍ ግን የባሰ ነው፤ ያው መረጃ ከሥሩ በጽሑፍ ካልሰፈረ የፍለጋ ሞተሩ እንደሚያገኘው ዋስትና የለም።

ይዘትን በተመለከተ ዋናው ጥፋት ማንም የማይጠይቀውን መጻፍ ነው። ስለ ጣና የሚጽፉ ድረ ገጾች «ውብና ማራኪ ተፈጥሮ» እያሉ ገጽ ይሞላሉ፤ እንግዳው ግን የሚጽፈው ጥያቄ ነው። ሴቶች መግባት የሚችሉት የትኛው ገዳም ነው? በዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችን ሲያስገባ ክብራን ገብርኤል እንደማያስገባ በግልጽ የጻፈ ገጽ፣ አሥር ገጽ ውዳሴ ከጻፈው ይልቅ ይጠቅማል። ፏፏቴው መቼ ይሞላል? ከክረምቱ ማብቂያ ጋር እንጂ በግንቦት እንዳልሆነ፣ የውኃው ከፊል ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ በበጋ መጠኑ እንደሚቀንስ አስቀድሞ የሚነግር ሰው አንባቢው ተመልሶ ይመጣለታል። ከዚህ ይልቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመተርጎሚያ ማሽን እያሳለፉ በቀን ሃያ ገጽ ማውጣት የተያዘ ሰው ቢኖር፣ ለአንባቢ ጥቅም የሌላቸውን ገጾች በጅምላ ማምረትን ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው መመሪያ ከአይፈለጌ ይዘት እንደመደበው ይወቅ። «በሳምንት ውስጥ አንደኛ አወጣሃለሁ» የሚል ደላላም አይታመን፤ አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ የሚችል እንደሌለ ጎግል ራሱ ይናገራል፣ ደረጃን ከፍ ለማድረግ በገንዘብ የተገዛ ማስፈንጠሪያም መመሪያውን የሚጥስ ነው።

የመጨረሻውን ስህተት የማውቀው በራሴ ደርሶ ነው። ስለ ንብ እርባታና ስለ ጎጃም ማር የምጽፍበት ድረ ገጽ ነበረኝ። ዶሜይኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን የአድራሻ ስም፣ ያስመዘገበልኝ ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ሲሆን፣ ምዝገባው በእሱ ኢሜይልና በእሱ ስም ነበር፤ ክፍያውም በውጭ አገር ባለ የዘመዱ ካርድ ይፈጸም ነበር። እኔ የገጹን የይለፍ ቃል ስለያዝሁ ባለቤት የሆንሁ መስሎኝ ተቀምጫለሁ። ልጁ ከአገር ወጣ፤ ካርዱ ጊዜው አለፈ፤ የእድሳት ማስጠንቀቂያው ሁሉ እኔ ወደማላየው ኢሜይል ሄደ። ዶት ኮም ዶሜይን ጊዜው ሲያልፍ መዝጋቢው እንደየደንቡ ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ከተሰረዘም በኋላ በከፍተኛ ክፍያ ማስመለስ የሚቻልበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የደጀን አንባቢ ደውሎ «አያ፣ ድረ ገጽህ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ ነው የሚታየኝ» ሲለኝ ነው። ስሙን የገዛው ሰው የፈለገው ማሬን ሳይሆን ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኔ የሚያመሩትን፣ በዓመታት የተሰበሰቡልኝን ማስፈንጠሪያዎች ነበር።

ስለዚህ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ከውሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ዶሜይኑ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል መመዝገቡን፣ የመዝጋቢው ድርጅት መግቢያ በእጁ መሆኑን፣ የእድሳቱም ቀን መቼ እንደሆነ። በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ያለውን የአገራችንን ዶሜይን፣ ዶት ኢቲን (.et)፣ የሚመርጥም ቢሆን ይኸው ጥያቄ አይቀርለትም። የጽሑፎቹን ሙሉ ቅጂ በየወሩ አውርዶ ከድረ ገጹ ውጭ፣ በፍላሽም ቢሆን፣ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሊቋረጥ በሚችልበት አካባቢ ይህ እንደ ቅንጦት አይታይም። እኔ ከ140 የማያንሱ ጽሑፎቼን ያተረፍሁት በእንዲህ ያለ ፍላሽ ነው። አዲሱን ዶሜይን በራሴ ስም ለሦስት ዓመት ከፍዬበታለሁ፤ የሚታደስበትንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ከማር መሸጫው መደርደሪያ በላይ ለጥፌዋለሁ።