ፎቶው የት ገባ? የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከጥምቀት በኋላ ያለውን የሰርግ ወቅት የሰራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባህር ዳርም ሁን ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁን ሞጣ፣ የፎቶ ቤት ጭንቀት አንድ ነው። ሚሞሪ ካርዱ ይሞላል፣ ሃርድ ዲስኩ ይሞላል፣ ሙሽሮቹ ደግሞ ከዓመት በኋላ መጥተው «እቺን ፎቶ በትልቁ እጠቡልን» ይላሉ። ፎቶዋ ግን የለችም። ብዙ ጊዜ ፎቶዋ ጠፍታ አይደለም። ሶፍትዌሩ ምኑን የት እንደሚያስቀምጥ ሳናውቅ ስለጀመርንበት ነው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

«ፎልደሩ ላይ የጥያቄ ምልክት መጣ፣ ፎቶው አልከፈት አለ»

ይሄ ላይትሩም ክላሲክ የሚባለውን የአዶቢ ፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያየው ነገር ነው። መንስኤው ቀላል ነው። ካታሎጉ ውስጥ ፎቶ የለም። ካታሎግ ማለት እንደ መዝገብ ቤት መዝገብ ነው፤ ፋይሉ ያለው መደርደሪያው ላይ ነው፣ መዝገቡ የሚነግራችሁ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎልደሩን በዊንዶውስ በኩል ገብታችሁ ስሙን ከቀየራችሁት ወይም ወደ ሌላ ቦታ ከወሰዳችሁት፣ ላይትሩም በድሮው አድራሻ ሄዶ ያጣዋል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ ስትሰኩት የድራይቩ ፊደል ከኢ ወደ ኤፍ ሲቀየርም ያው ነው።

መፍትሄው፦ በፍጹም እንደገና ኢምፖርት እንዳታደርጉ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ያው ፎቶ ያለ ኤዲትና ያለ ኮከብ (ለፎቶው የሰጣችሁት ደረጃ) በሁለተኛ ስም ይገባና ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» የሚለውን መርጣችሁ አዲሱን ቦታ አሳዩት። ከዚያ በኋላ ፎልደር ማዛወር ካለባችሁ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ሆናችሁ አዛውሩ።

ዲጂካም የሚባለውን ነጻ የፎቶ ማደራጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤክስተርናል ድራይቩን መጀመሪያ ስታስገቡት ተነቃይ ድራይቮች በሚለው ክፍል መዝግቡት። ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ ፎልደር አድርጋችሁ እንዳትመዘግቡት።

«መብራት ጠፋ፣ ሲመለስ ካታሎጉ አልከፈት አለ»

ዴስክቶፕ ላይ ለሚሰራ ሰው ትልቁ ጠላት ይሄ ነው። ካታሎግ ዳታቤዝ ነው። እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ሊበላሽ ይችላል። ላይትሩም «ካታሎጉን ሌላ ፕሮግራም ከፍቶታል» ካላችሁ ግን ቶሎ አትደንግጡ። ካታሎጉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ስሙ በ«ሎክ» የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ቀርቶ ይሆናል። ላይትሩም መዘጋቱን አረጋግጡና እሱን ብቻ አጥፉት። ብዙ ጊዜ ይከፈታል።

የእውነት ከተበላሸ ያላችሁ ተስፋ ባክአፕ ነው። ላይትሩም በተዘጋ ቁጥር ባክአፕ እንዲይዝ አድርጉት፣ ቦታውንም ሌላ ዲስክ ላይ አድርጉት። ዲጂካም ላይ ደግሞ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ የዳታቤዝ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጉ። አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ፦ የካታሎግ ባክአፕ የፎቶ ባክአፕ አይደለም። ሃርድ ዲስኩ ከሞተ ካታሎጉ ብቻውን ምንም አያደርግላችሁም። ፎቶዎቹን ለብቻ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ግድ ነው። የሰው ሰርግ ተደግሞ አይነሳም።

«ፎቶዎቹ ቀናቸው ተዘበራረቀ»

ይሄ የእኛ አገር ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው። የውጭ መመሪያዎች አያነሱትም።

ሶፍትዌሮቹ የሚያውቁት የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ካሜራችሁን በኢትዮጵያ ቀን ከሞላችሁት ሁሉም ፎቶ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ካሜራው ጭራሽ መድረሻ ያጣል። ፎልደሩን «2017» ብላችሁ ሰይማችሁት ከሆነም የማን 2017 እንደሆነ ከዓመታት በኋላ እናንተም አታውቁትም። እኔ የምመክረው ካሜራውን በፈረንጅ አድርጎ፣ ፎልደሩ ላይ ሁለቱንም መጻፍ ነው። የአገው ፈረሰኞችን በዓል ኢንጅባራ ላይ ካነሳችሁ «2025-01-31 ኢንጅባራ ፈረሰኞች ጥር 23 2017» በሉት። ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ በዚህ ቅደም ተከተል ከገባ ፎልደሮቹ ራሳቸው ይሰለፋሉ። «ጥር»፣ «ሚያዝያ» ብላችሁ ብቻ ከጀመራችሁ ግን በፊደል ተራ ይደረደሩና ወሩ ሁሉ ይገለባበጣል።

ሰዓትም አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ለካሜራው 9 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሞላችሁት ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ሁለት ሆናችሁ አንድ ሰርግ ስታነሱ የአንዳችሁ ካሜራ ከተሳሳተ ደግሞ ኬክ ቆረሳው ከሙሽሪት መውጣት ይቀድምና አልበም መስራት መከራ ይሆናል።

መፍትሄው አስቸጋሪ አይደለም። በካሜራው ሞዴል ለዩና የተሳሳተውን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ ምረጡ። ሁለታችሁም በአንድ ቅጽበት ያነሳችሁትን ፎቶ ፈልጉ፣ ቀለበት ሲደረግ ለምሳሌ፣ ልዩነቱን አስሉ። ከዚያ ላይትሩም ላይ «ኤዲት ካፕቸር ታይም»፣ ዲጂካም ላይ ደግሞ የሰዓት ማስተካከያው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅስላችኋል።

«ታግ አድርጌው ነበር፣ ስፈልገው አይመጣም»

ታግ ማለት ፎቶውን በኋላ ለመፈለግ የምትሰጡት መለያ ቃል ነው። አንድ ጊዜ «ሰርግ»፣ ሌላ ጊዜ «ሠርግ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይም» እንደዚያው። አንዱን ምረጡና የታግ ዝርዝራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፣ አብሯችሁ የሚሰራውም ሰው እንዲከተለው።

«ሶፍትዌር ስቀይር ኮከቡም ታጉም ጠፋ»

መንስኤው፦ የሰራችሁት ሁሉ የተቀመጠው ፕሮግራሙ ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነበር። ላይትሩም ክላሲክ ካልነገራችሁት በቀር ወደ ፋይሉ አይጽፍም። ፎቶዎቹን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኑ ይጽፍላችኋል። የሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ከሆነ ከጎኑ ኤክስኤምፒ የሚባል ትንሽ ፋይል ይፈጠራል። እሱን ከፎቶው አትለዩት፣ ቆሻሻ መስሏችሁም አታጥፉት። ዳርክቴብል የሚባለው ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ይህን በራሱ ያደርጋል። ዲጂካም ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ወደ ፋይሉ እንዲጽፍ መደረጉን አረጋግጡ።

ይሻገራሉ የምላችሁ ኮከብ፣ ታግና መግለጫ ናቸው። የቀለም ኤዲት አይሻገርም። የላይትሩምን ኤዲት ዳርክቴብል ላይ እንደነበረ አታገኙትም፤ የጨረሳችሁትን ፎቶ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ያዙ።

ፒካሳ የሚባለው የድሮ የጉግል ፎቶ ፕሮግራም አሁንም ብዙ ኮምፒውተር ላይ አለ። ጉግል በ2016 ትቶታል። እዚያ ላይ ያስተካከላችሁት ሴቭ ካልተደረገ ዋናው ፎቶ አልተቀየረም፣ ለውጡ ያለው ፎልደሩ ውስጥ በተደበቀ ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ ሳይሞት ገብታችሁ ሴቭ አድርጉ።

«አዲስ ካሜራ ገዛሁ፣ ሮው ፋይሉ አይከፈትም»

ሶፍትዌሩ ከካሜራው በፊት የወጣ ነው። ላይትሩም 6 በሚባለው የድሮ ቨርዥን ላይ የቀሩ ሰዎች የካኖን ሲአር3 ፋይል ሲገጥማቸው የሚሆነው ይሄ ነው። የአዶቢ ዲኤንጂ ኮንቨርተር በነጻ ይወርዳል፣ ፋይሉን የድሮው ሶፍትዌር ወደሚከፍተው ዓይነት ይቀይርላችኋል። ካልሆነ አዲስ ቨርዥን።

«ይንቀራፈፋል»

ካታሎጉን ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ላይ አድርጉ፣ ፎቶዎቹ ኤክስተርናል ላይ ይሁኑ። ላይትሩም ላይ «ስማርት ፕሪቪው» (የፎቶው ትንሽ ቅጂ) ከሰራችሁ ድራይቩ ሳይሰካም ኤዲት ማድረግ ትችላላችሁ። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ግን ላይትሩምን ተዉት፣ አትድከሙ።

«ሁሉንም ሞከርኩ፣ አንዱም አልተመቸኝ»

ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን ስለምናይ ነው። ኤክስኤንቪው ኤምፒና አዶቢ ብሪጅ በዋናነት ፎልደር ከፍተው የሚያሳዩ ናቸው። ፈጣን ናቸው። ዲጂካም ካታሎግ ነው። ፊት ይለያል፣ የተደገመ ፎቶ ይፈልጋል። ሮውቴራፒ የሮው ማስተካከያ ነው። ላይትሩም ክላሲክና ዳርክቴብል ካታሎግንም የሮው ማስተካከያንም ያጣምራሉ።

ላይትሩም በየጊዜው ክፍያ አለው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፣ ፈቃዱን ለማረጋገጥም አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መክፈል የምትችሉና በሳምንት በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ የምታስተካክሉ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። ክራክ የተደረገውን ግን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀባበላችሁ አትጫኑ። ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ የደንበኛ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ለአብዛኛው የጎጃም ፎቶ ቤት እኔ የምለው ዲጂካም ለማደራጃ፣ ዳርክቴብል ለኤዲት ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ አንዴ ካወረዳችኋቸው ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ። ዳርክቴብል መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ታገሱት።

ስትሞክሩ ያላችሁን ሁሉ አታስገቡ። የአንድ ሰርግ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ኮከብና ታግ ስጡት፣ ከዚያ ፎልደሩን ሆን ብላችሁ አዛውሩት። መልሶ ካገኘው፣ ታጉም በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ከታየ፣ ያን ጊዜ የድሮውን ሃርድ ዲስክ ስኩ።